ከሽንጥ ወዲያ ያለው ሥጋ፤ ሒሳቡና አበሳሰሉ

ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንድ የአዲስ አበባ ሉካንዳ ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ትዕይንት ከሳምንት ሳምንት ብዙም አይለያይም፡፡ ሽንጡ፣ ታላቁና ጎድኑ ከፊት ለፊት ተሰቅለው ገዢ ይጠራሉ፤ አንገቱ፣ ወርቹና ቅልጥሙ ወደ ኋላ ግድግዳው ተጠግተው ተራቸውን ይጠብቃሉ፡፡ ለስድስት ቤተሰብ ወጥ የሚሠሩ እናት የሽንጡን ዋጋ ይጠይቁና አንድ ኪሎ ሊገዙ መጥተው ግማሽ ኪሎ ይዘው ይመለሳሉ፡፡ አለዚያም ሥጋውን ለበዓል ትተው ወደ ሽሮአቸው ይሄዳሉ፡፡ ከኋላ የተሰቀለው ስንት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጠይቁም፡፡ ቢጠይቁስ በእርግጥ ያዋጣቸዋል? መልሱ “አዎ” ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፡፡

በመጀመሪያ የዋጋው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ማየቱ ይጠቅማል፡፡ የሳሙና ፋብሪካ ገበያው የወደደውን ዓይነት አብዝቶ ያልወደደውን ይቀንሳል፡፡ በሬ ግን ሽንጥ ስለተወደደ ሽንጥ ጨምሮ አያመርትም፡፡ አንድ በሬ በታረደ ቁጥር የታወቀ መጠን ያለው ሽንጥ፣ የታወቀ መጠን ያለው አንገት፣ አራት ቅልጥም፣ አንድ ምላስና አንድ ጨጓራ ይወጣሉ፡፡ ይህ በኢኮኖሚክስ ትምህርት የጣምራ ምርት ይባላል፡፡ ባለ ሉካንዳው በሬውን የገዛው በአንድ ዋጋ ነው፤ ወጪውን የሚመልሰው ግን እያንዳንዱን ብልት ገዢው በሚከፍለው መጠን ሸጦ ነው፡፡ የጥሬ ሥጋና የጥብስ ወዳጅ ሁሉ ለስላሳው ላይ ሲረባረብ የለስላሳው ዋጋ ይወጣል፤ ጠንካራው ደግሞ ባገኘው ዋጋ መሄድ አለበት፡፡ ስለዚህ አንገትና ወርች የሚረክሱት ምግብነታቸው ስላነሰ አይደለም፡፡ ለጥሬም ለጥብስም ስለማይመቹ ነው፡፡

ቅርጫ ይህን ልዩነት አያውቅም፡፡ በቅርጫ በሬው ሲታረድ ከየብልቱ እየተቆረጠ በየመደቡ ይደለደላል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሁሉም እኩል ከፍሎ ከሽንጡም ከአንገቱም ከጨጓራውም ይደርሰዋል፡፡ የቅርጫ ቤተሰብ የሁሉንም ብልት አበሳሰል ማወቅ ግዴታው ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፡፡ ሥጋን በኪሎ ብቻ የለመደው የከተማ ትውልድ ያጣው ይህን ዕውቀት ነው፡፡ (ቀድሞ የቆዳው ዋጋም ከበሬው ወጪ ጥቂቱን ይሸፍን ነበር፡፡ ባለፉት ዐሥር ዓመታት የቆዳ ገበያ ሲወድቅና የበግ ሌጦ በየበዓሉ ሲጣል ያ ሸክም ወደ ሥጋው ዞሯል፡፡)

ጠንካራ ሥጋ ለምን ጠነከረ? እንስሳው ብዙ የሚያሠራው ጡንቻ ነዋ፡፡ እግሩ ሲራመድ፣ አንገቱ ሲግጥና ቀንበር ሲሸከም ይውላል፡፡ በእነዚህ ጡንቻዎች መካከል ኮላጅን የሚባል ነጭ ማያያዣ ይበዛል፡፡ በጥብስ ምጣድ ላይ ይህ ነገር ይኮማተርና ሥጋውን እንደ ጎማ ያደርገዋል፡፡ በውኃ ውስጥ በዝግታ ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ግን ቀልጦ ጄላቲን ይሆናል፤ ሥጋው በጣት ይላቀቃል፣ መረቁም ይወፍራል፡፡ ጭቅና ቢቀቀል ይህን አይሰጥም፤ ደርቆ ይቀራል፡፡ በሌላ አነጋገር ለቅቅል ሲባል ውድ ሥጋ የሚገዛ ሰው ከፍሎ የባሰ ምግብ ይበላል፡፡

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፡፡ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፡፡ እሳቱን ቢጨምሩት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፡፡ በመሆኑም በቆላ ከተማ ሁለት ሰዓት የሚበቃው ቅልጥም አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል፡፡ የግፊት ድስት (ብዙ ሰው ፕሬሸር ኩከር የሚለው) ዋጋው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ሥራው ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል፡፡ በከሰልም ይሁን በኤሌክትሪክ የሚያበስል ቤት ልዩነቱን በወሩ መጨረሻ ያየዋል፡፡

አሁን ወደ ሒሳቡ፡፡ የሽንጥ ኪሎ 100 ነው እንበል፤ ብሩ ስንት እንደሆነ ለጊዜው ይቅር፡፡ አጥንት የለውም፣ ሲጠበስ ሩብ ያህሉን ክብደት ያጣል ብንል 750 ግራም የበሰለ ሥጋ ይቀራል፡፡ የአንድ ኪሎ የበሰለ ሥጋ ዋጋ 133 ሆነ ማለት ነው፡፡ አጥንቱ የወጣለት ወርች በ70 ቢገኝና ሲቀቀል አንድ ሦስተኛውን ቢያጣ የበሰለው ኪሎ 105 ይመጣል፡፡ ለማገዶው ጨምረውበትም ብዙውን ጊዜ ያዋጣል፡፡

ቅልጥም ግን ያሳስታል፡፡ ኪሎው 60 ቢሆን ርካሽ ይመስላል፡፡ ከዚያ ውስጥ 400 ግራሙ አጥንት ቢሆንና ቀሪው 600 ግራም ሲቀቀል ሲሶውን ቢያጣ ሳህን ላይ የሚወጣው 400 ግራም ነው፡፡ የበሰለው ኪሎ 150 ገባ! ከሽንጡ በለጠ፤ የከሰሉ ገና ነው፡፡ በዚህ ምሳሌ ቅልጥም በሥጋው ብቻ እንዲያዋጣ ዋጋው ከሽንጡ ግማሽ ያህል መሆን አለበት፡፡ ከዚያ በላይ ከሆነ የሚገዛው ለመረቁና ለመቅኔው ነው፤ መረቁን የማይጠቀምበት ቤት ባይገዛው ይሻለዋል፡፡ የሚጠቀምበት ግን ሌላ ሒሳብ አለው፡፡ የቅቅሉ መረቅ በማግሥቱ ለምስር፣ ለሩዝ ወይም ለሾርባ ይሆናል፡፡ ሥጋውን የሚበላው ስድስት ሰው ቢሆንም መረቁ ሁለተኛ ቀን ሌላ ማዕድ ያጠግባል፡፡ በነገራችን ላይ “ለሚዛን ማሟያ” ተብሎ የሚጣል አጥንትና ሞራ ካለ ይህንኑ ሒሳብ ያበላሸዋልና ሚዛኑ ላይ ዓይንን መጣል ነውር የለውም፡፡

አበሳሰሉ እምብዛም ጥበብ አይጠይቅም፡፡ ሥጋው በትልልቁ ተቆርጦ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ይጣዳል፤ ሲፈላ አረፋው ይገፈፋል፣ ከዚያ እሳቱ ቀንሶ እየተንተከተከ ይቆያል፡፡ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት እርድ መጨረሻው ላይ ሳይሆን በመካከሉ ይገባሉ፤ ቃሪያው ሊወጣ ሲል፡፡ ጊዜ የሌለው ቤት ወርቹን አስፈጭቶ ምንቸት አብሽ ቢሠራ ማሽኑ የእሳቱን ሥራ በከፊል ይሠራለታል፡፡ ጥብስ ካማረው ደግሞ ጅማቱን አውጥቶ የሥጋውን ክር አቋርጦ በስሱ መቁረጥ ነው፤ ክሩን ተከትሎ የተቆረጠ ወርች ጥርስ ይፈትናል፡፡

የሆድ ዕቃው ነገር ይለያል፡፡ ምላስ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀቀልና ሻካራ ቆዳው ገና ትኩስ እንዳለ ይላጣል፤ ከቀዘቀዘ እምቢ ይላል፡፡ ጨጓራ ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ይበላል፤ ተደጋግሞ መታጠብና መፋቅ ያስፈልገዋል፡፡ ጉበት በተቃራኒው ፈጣን ነው፤ ብዙ ከቆየ ይደርቃል፡፡ በብረት ማዕድን የበለጸገ በመሆኑ ደም ላነሰው ሰው ከሽንጥ ይልቅ ይጠቅማል፡፡ ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ነፍሰ ጡር እናቶች እንዳያዘወትሩት ይመከራል፤ ሪህ ያለበትም ሰው ከጉበትና ከኩላሊት መቆጠብ አለበት፡፡ ዱለትን በጥሬው ወይም በለብለብ የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፡፡ ጣዕሙ አይካድም፤ ነገር ግን የኮሶ ትልን ዕጭ የሚገድለው በደንብ የደረሰ ሙቀት ነው፤ ቅቤና ሚጥሚጣ አይገድሉትም፡፡ ቁጠባን ላሰበ ቤት የሐኪም ወጪ መጨመር ትርፍ የለውም፡፡

ርካሽ ብልት ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይቆይም፡፡ በአሜሪካ ቴክሳስ ከበሬው ድያፍራም የሚወጣው ሥጋ አንድ ጊዜ ለከብት ጠባቂዎች የሚሰጥ ተራ ነገር ነበር፡፡ ፋሂታ የተባለው ምግብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በየምግብ ቤቱ ሲስፋፋ ዋጋው ሰማይ ወጣ፡፡ የበሬ ጅራትም በዚያው አገር ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፡፡ ጣምራ ምርት ነውና ፈላጊ ሲበዛ አቅርቦቱ አይከተልም፤ ዋጋው ብቻ ይከተላል፡፡ አዲስ አበባም ውስጥ ምላስና ሰንበርን በስማቸው የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ በአካባቢያቸው ያሉ ሉካንዳዎች ምላስ በርካሽ እንደማይሸጡ መገመት አያዳግትም፡፡

ጊዜም ዋጋ አለው፡፡ ከ55ቱ የሁዳዴ ቀናት በኋላ ፋሲካ ሲገባ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚገዛ ከኋላ የተሰቀለውም ይወደዳል፤ ከበዓሉ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ መግዛት ይሻላል፡፡ ከረቡዕና ከዓርብ ጾም ጋር አብሮ እንዲሄድም ቅቅሉን ቅዳሜ ማታ አብስሎ እስከ ማክሰኞ መጨረስ ይቻላል፤ መረቁ ቶሎ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ከገባና በወጣ ቁጥር ደኅና አድርጎ ከተፈላ፡፡ መብራት በጠፋ ቀን ግን ምናልባት ማለት አያስፈልግም፡፡ የሆድ ዕቃ የሚፈልግ ሰው በጠዋት ይውጣ፤ በቄራ እርዱ በሌሊት ተከናውኖ ሥጋው ገና ሳይነጋ ለየሉካንዳው ስለሚከፋፈል ጨጓራና ጉበት ከረፋዱ በፊት ትኩስ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ የተረፈው የቀረው ነው፡፡