ማታ የሚፈታ ውሻ፦ የቤት ውሾችና ድመቶች መዞርና መናከስ በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ የተለመደው የውሻ አያያዝ በሁለት ሰዓቶች የተወሰነ ነው፤ ውሻው ንጋት ላይ ይታሰራል፣ ምሽት ላይ ይፈታል። ቀኑን በአጭር ሰንሰለት ያሳለፈው እንስሳ ሌሊቱን ግቢ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። ሆኖም የግቢው በር ገርበብ ብሎ ከቀረ፣ ወይም ከበሩ ሥር ያለው የጎርፍ መውጫ ካልተደፈነ፣ ግቢው ውስጥ አይቆይም። ወደ ሉካንዳው ጓሮ፣ ወደ ቆሻሻ ገንዳው፣ ወይም ድራት ላይ ወዳለች ሴት ውሻ ይሄዳል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። ባለቤቱ በማለዳ የሚያየው የተቀደደ ጆሮ ወይም የሚያነክስ እግር ብቻ ነው። በዚያው ሌሊት መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ግን «ባለቤት አልባ ውሻ» ብሎ ይቆጥረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ከዚህ ቆጠራ ይነሣል። በከተማ ጎዳና ላይ የሚታየው ውሻ ሁሉ ባለቤት የሌለው ነው የሚለው ግምት ችግሩን ወደ መንገድ ያወጣዋል፤ መፍትሔውም መንገድ ላይ እንዲፈለግ ያደርጋል። በአፍሪካ ከተሞች የተካሄዱ ጥናቶች ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታሉ። በቻድ ርእሰ ከተማ በንጃሜና የተደረገው የውሾች ቆጠራ በእውነት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከጠቅላላው ጥቂቱ ክፍል ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የሚበዙት ቤት ያላቸው፣ የሚመግባቸው ሰው ያላቸው፣ ነገር ግን አጥር የማያግዳቸው ናቸው። ስለሆነም የመዞርና የመናከስ ጉዳይ በመጀመሪያ የግቢ አያያዝ ጉዳይ ነው።

ውሻ ከግቢ የሚወጣባቸው ምክንያቶች ምግብ፣ ስሪያና ብቸኝነት ናቸው። የምግቡ ነገር ግልጽ ነው። ትርፍራፊ የሚሰጠው ውሻ ቀኑን ታስሮ ውሎ ማታ ባዶ ሆዱን ከተፈታ፣ የሚጠብቀው ግቢ ሳይሆን የሥጋ ሽታ የሚመራው መንገድ ነው። በፋሲካና በገና ዋዜማ፣ ቅርጫ በሚታረድበት ሰፈር ሁሉ፣ የአጥንትና የሆድ ዕቃ ጥራጊ በየጥጉ ሲጣል የየግቢው ውሾች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ጠቡም የሚነሣው እዚያ ነው። ውሻውን ከመፍታት በፊት በግቢው ውስጥ ማጥገብ፣ ጥራጊውን መቅበር ወይም ክዳን ባለው ገንዳ መጣል ምንም ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። ይሁንና ከውሻ አያያዝ ምክሮች ሁሉ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

ስሪያ ከዚህ ይከብዳል። ሴት ውሻ በአብዛኛው በየስድስት ወሩ ገደማ ድራት ላይ ትሆናለች፤ ወቅቱም ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በእነዚህ ሳምንታት ከየአቅጣጫው የሚመጡ ወንዶች በአንድ በር ላይ ይከማቻሉ፣ ይናከሳሉም። ለዚህ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ተደጋግሞ የሚመከረው ማኮላሸት ነው፤ የከተማው ባለቤቶች አዘውትረው የሚያነሡት ተቃውሞ ደግሞ «የተኮላሸ ውሻ አይጠብቅም» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የታተመው የሆፕኪንስና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ለዚሁ ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል። ከተኮላሹት ጎልማሳ ወንድ ውሾች መካከል የመዞር ልማድ ከነበራቸው ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ልማዱን ቀንሰዋል፤ ከሌሎች ወንዶች ጋር መናከስም ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቀንሷል። ክልልን ከእንግዳ የመከላከል ጠባይ ግን ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ማለትም ባለቤቱ እንዳይጠፋበት የሚፈራው ጠባይ የማኮላሸት ዒላማ አልሆነም።

ይህ ውጤት ከመጠን በላይ መወሰድ የለበትም። ኒልሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሌላ ጥናት መዞር ቢያንስ በግማሽ የቀነሰው ከ60 በመቶ በሚበልጡ ውሾች ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የተሻሻሉት ግን ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው። ከፍርሃት የሚመነጭ ጠበኝነት በቀዶ ሕክምና እንዲለወጥ መጠበቅም ስሕተት ነው። በአጭር ሰንሰለት ያደገ ውሻ የሚናከሰው አብዛኛውን ጊዜ መሸሽ ስለማይችል ነው፤ የሚቀርበው ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ይሆናል። ስለዚህ የሰንሰለቱ ጉዳይ ከማኮላሸቱ ቀድሞ ሊነሣ ይገባል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል በተወጠረ ሽቦ ላይ የሚንሸራተት ማሰሪያ፣ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ በገመድ ይዞ ማንሸራሸር፣ ቡችላው ገና በጥቂት ወራት ዕድሜው ሳለ ከሰውና ከሌሎች ውሾች ጋር ማለማመድ፣ ጠበኝነትን ከሥሩ የሚያቃልሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የአጥር ሥራ ይቀራል፤ በቆርቆሮ አጥር ግርጌ ድንጋይ መደርደር፣ የጎርፍ መውጫውን በብረት ፍርግርግ መዝጋት። የጋራ ግቢ ባላቸው የኮንዶሚኒየም መኖሪያዎች ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ በዚያ በሩ የማንም ስላልሆነ የሚዘጋው የለም። ለእነዚህ መኖሪያዎች የነዋሪዎች ማኅበር ስምምነት ካልታከለበት የግለሰብ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም።

የአንድ ሌሊት ጠብ ዋጋው ከቁስል የሚያልፈው በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት ነው። የበሽታው ታሪክ በከተማይቱ ረጅም ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት የበሽታውን ታሪክና የባህል ሕክምናውን በሰፊው ተመልክተዋል። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ከታሪኩ ይልቅ አንድ የክትትል ሕግ ነው። ሰው የነከሰ ጤነኛ መሳይ ውሻ ወይም ድመት ለ10 ቀናት ይጠበቃል፤ ቫይረሱ በምራቅ ውስጥ የሚገኘው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ጀምሮ በመሆኑ፣ እንስሳው በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተነካሹ ሕክምናም ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ሕግ የሚሠራው ግን ውሻው ከታወቀና ግቢ ካለው ብቻ ነው። በሌሊት ነክሶ የተሰወረ ውሻ አይጠበቅም፤ ተነካሹም ክትባቱን እስከ መጨረሻው ይወስዳል። ውሻው ራሱ በሌላ ውሻ ተነክሶ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚመጣ፣ ባለቤቱ ያን የተቀደደ ጆሮ ረስቶት ይቆያል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ከውሾች መካከል ለማቋረጥ ከውሾቹ 70 በመቶ መከተብ አለባቸው ይላል። ውሾችን በመርዝ ማስወገድ ለዚህ ምትክ አይሆንም፤ በጠፉት ምትክ በፍጥነት የሚተኩት ቡችሎች ያልተከተቡ ስለሆኑ የተከተቡት ድርሻ ከነበረውም ዝቅ ይላል። በተጨማሪም መርዙ ማታ የተፈታውን የተከተበ የቤት ውሻ ከሌላው አይለይም።

ባለቤት ያለው ውሻ መዞር እስከ ምን ድረስ ሊጎዳ እንደሚችል በጉልህ የታየው ከከተማ ውጭ፣ በባሌ ተራሮች ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው፣ ጎልማሶቹ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 በእብድ ውሻ በሽታ ተመትቷል። በሁለተኛው ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። የበሽታው ምንጭ ከከብት ጋር ወደ ተራራው የሚወጡት የአርብቶ አደሮች ውሾች ናቸው። እነዚህ ውሾች ባለቤት የጠፋባቸው አይደሉም፤ የእያንዳንዳቸው ጌታ ይታወቃል። ጥበቃው ዛሬም ድረስ በአመዛኙ የሚካሄደው በነዚሁ ውሾች ክትባት በኩል መሆኑ ከላይ የተነሣውን ጭብጥ ያጠናክራል።

የድመት ነገር በብዙ መልኩ ይለያል። ድመት አይታሰርም፤ አይጥ እንዲያድን ስለሚፈለግ በጣሪያና በአጥር ላይ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ወንዱ ለቀናት ይሰወርና ፊቱ ተቧጭሮ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ወጥቶ ይቀራል። የድመት ንክሻ ከውሻ ንክሻ ይልቅ ያታልላል። ቀጭኑ ጥርስ ጠልቆ ይገባና የቆዳው ቀዳዳ ቶሎ ይዘጋል፤ በጥርሱ የገባው ባክቴሪያ ከውስጥ ይራባና ከሁለት እስከ አምስት ቀናት ባለው ጊዜ መግል የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ባለቤቱ ጠቡን ስላላየ በአብዛኛው እብጠቱን ከሌላ ነገር ጋር ያያይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ የተገኘው፣ የድመትን የበሽታ መከላከያ አቅም የሚያዳክመው ቫይረስም በዋናነት የሚተላለፈው በዚሁ ንክሻ ነው፤ ስለዚህ በበሽታው ይበልጥ የሚጠቁት ያልተኮላሹ የሚዞሩ ወንዶች ናቸው። ሃርትና ባሬት እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት ማኮላሸት በድመት ላይ አስተማማኝ ውጤት አለው፤ መዞርም ሆነ መናከስ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህል በሚሆኑት ላይ ይቀንሳል። ምሽት ላይ ቤት ውስጥ የሚመገብ ድመት ጠሪ ሳያሻው በሰዓቱ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱን መዝጋት ብቻ ነው። የአይጥ መርዝ በሚጠቀሙ ቤቶች ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የሚበላ ድመት አብሮ ይመረዛልና።

ሕጉ በዚህ ሁሉ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ ቁጥጥር ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ሆን ተብሎ ማታ የሚፈታው ውሻ ማምለጥ እንኳ ስላላስፈለገው፣ ጉዳዩ ከዚህ ድንጋጌ የሚያመልጥበት በር የለም። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። አንገቱ ላይ ስምና የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ የሌለው፣ የትም ያልተመዘገበ ውሻ የማን እንደሆነ በጠዋት ሲጠየቅ፣ ከፈቱት እጆች መካከል «የእኔ አይደለም» የማይል ጥቂት ነው።