የማያውቁት ስም ስልክዎ ላይ ሲመጣ፦ ከማጥፋትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ፒያሳ የገዙት ወይም ያስጠገኑት ስልክ ዋይፋይ እንዳገኘ «አቤ ታክሲ»፣ «ሲሚንቶ አከፋፋይ» የሚሉ የማያውቋቸው ስሞች ቢደረደሩበት ያስደነግጣል። ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም። ሻጩ ወይም ጠጋኙ ፕሌይ ስቶር ለመክፈት የሱቁን ጂሜይል አስገብቶ ትቶት ይሆናል። ያው ጂሜይል የሌሎች ደንበኞች ስልክ ላይም ካለ የእነሱ ስሞች ወደ እርስዎ ይመጣሉ፤ የእርስዎም ወደ እነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

1. ስሙ የት ነው የተቀመጠው? አንዱን የማያውቁትን ስም ከፍተው ማስተካከያውን ይጫኑ። በጂሜይል፣ በሲም ካርድ ወይም በስልኩ ላይ መቀመጡን ያሳይዎታል።

2. አካውንቱ የማን ነው? ሴቲንግ ገብተው የአካውንቶችን ዝርዝር ይዩ። የልጅዎ ወይም የቆየ የራስዎ ጂሜይል ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አካውንቱ የራስዎ ሆኖ ባዕድ ስም ከገባበት ግን ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የማያውቁትን ስልክ ከአካውንቱ አስወጥተው የይለፍ ቃል ይቀይሩ።

3. ስሞቹን አንድ በአንድ አያጥፉ። ማጥፋትም ሲንክ ይሆናል፤ እርስዎ ያጠፉት ከባለቤቱም ስልክ ይጠፋል። ጉግል የተሰረዘ ስም የሚያቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። መፍትሔው አካውንቱን ከስልክዎ ማንሳት ነው።

4. የራስዎን ቁጥሮች አስቀድመው ያውጡ። ከገዙ በኋላ የመዘገቧቸው በዚያው ጂሜይል ከተቀመጡ አብረውት ይሄዳሉ። ወደ ራስዎ ጂሜይል ያዛውሯቸው፤ ፎቶዎችዎንም እንዲሁ።

5. ሪሴት ለማድረግ አይቸኩሉ። አካውንቱ ሳይነሳ በቁልፎቹ ሪሴት የተደረገ አንድሮይድ ሲከፈት የቀድሞውን ጂሜይል ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉን ካላወቁ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል። ሱቁ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ከተነሱት አንዱ ከሆነ ሻጩን ማግኘትም ሊያስቸግርዎ ይችላል። ደረሰኙንና የሻጩን ስልክ ቁጥር ይያዙ።

6. ያልታወቀ ቀጠሮ ካላንደርዎ ላይ ከመጣ ሊንኩን አይንኩ። ብዙ ጊዜ የአጭበርባሪ ግብዣ ነው።

7. የሌላ ሰው ፎቶ ወይም መልእክት ከመጣ አይመልከቱ፣ ለማንም አይላኩ። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከአዋጁም በፊት የሰው ገመና መጠበቅ ያለ ነው።

አዲስ ስልክ ሲገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ እያሉ የራስዎን ጂሜይል በራስዎ እጅ ይክፈቱ፤ የይለፍ ቃሉንም ራስዎ ብቻ ይወቁት። ያ አምስት ደቂቃ የእርስዎንም የሌላውንም ምስጢር ያድናል።