ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳ ማኅበር እንዴት ይገኛል?

ስለ መጠጥ በተማሪዎች ብዕር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ «መጠጥ ክፉ ነውና ተዉት» የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ጠጪ በቤቱ ያለበት ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ የመጠጥን ክፋት ከጠጪው ይበልጥ የሚያውቅ የለም። እርሱን የሚቸግረው ማወቁ ሳይሆን መተዉ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምክሩን ለሌሎች ትቼ፥ ለመተው የሚያግዝ ሰው የት እንደሚፈለግ የተማርሁትን ለመግለጽ አስቤአለሁ። ለዚህም ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

አጎቴ በዳባት አቅራቢያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ከደረሰ ወዲህ፥ ብዙ የሚያውቋቸውን ሰዎች ስለ ቀበሩ፥ መጠጣቸው እየባሰ ሄደ። ቀድሞ ለበዓልና ለማኅበር የነበረው፥ በኋላ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሆነ። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን በንስሐ አባታቸው ፊት ምለው በአንድ ቀን አቆሙ። ሁላችንም ደስ አለን። በማግሥቱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፥ ላብም ያጠምቃቸው ጀመር፤ እንቅልፍ አጡ። በሁለተኛው ሌሊት እንደሚጥል በሽታ ጣላቸው። ጎረቤቱም «ለቅቆት ሊወጣ ነው» አለ። ወደ ፀበል ልንወስዳቸው በቅሎ ስንጭን፥ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደርሳ «መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ፀበሉ አይሸሻችሁም» አለችን። እርስዋ ባትደርስ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ምክንያቱም ይህ ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎል፥ የመጠጡን ማደንዘዝ ለመቋቋም ራሱን እያነቃቃ ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር መነቃቃቱ ተቃዋሚ አጥቶ ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጡ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ መጣሉ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ይገድላል። በሕክምና ግን ዲያዜፓምን የመሰለ መድኃኒት በልክ እየሰጡ፥ ቪታሚን ቢ 1 እየጨመሩ፥ በጥቂት ቀናት ያሻግሩታል። እንግዲህ ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋ ሰው ካለ፥ ማኅበር ከመፈለጉ በፊት ወደ ሐኪም ይሂድ። መሐላው መልካም ነው፤ ነገር ግን በመሐላ ቀን ነርስ ብታውቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ላስገባ። በኬሚስትሪ ትምህርት እንደ ተማርነው በጠላም፥ በጠጅም፥ በአረቄም ያለው አንዱ ኤታኖል ነው። በእኛ አገር፥ ይኸውም በደባርቅ፥ በዳባትና በወገራ፥ ከገብስ ብቅልና ከጌሾ የሚጠመቀው ኮረፌም ከዚሁ አይወጣም፤ ምንም እንኳ እንደ ምግብ ቢቈጠር። የጠላ ኃይል እንደ ጠማቂዋ ይለያያል፤ 4 በመቶ ነው ብንል በ1 ሊትር ውስጥ 40 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። አረቄው 40 በመቶ ቢሆን ያንኑ ያህል ለማግኘት 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በክብደት ሁለቱም 32 ግራም ያህል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠይቁ እንደ አንድ መጠጥ የሚቈጥረው 10 ግራም ስለ ሆነ፥ አንድ ሊትር ጠላ የጠጣ ሰው ከሦስት በላይ ጠጥቷል። «እኔ አረቄ አልቀምስም፥ ጠላ ብቻ ነው» የሚል ሰው ይህን ልብ ይበል። ያ የድርጅቱ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ከጀመርህ በኋላ ማቆም አቅቶህ ያውቃልን? ጠዋት ለመንቃት መጠጥ ፈልገህ ታውቃለህን? ዘመድ ወይም ሐኪም ተው ብሎሃልን? የሚሉ ይገኙበታል። ከ40 ነጥብ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሊያስብበት ይገባል። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ጥያቄው አጭር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ነገር ልመለስ። በዓለም ላይ ዝነኛው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ነው፤ ትርጕሙም «ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች» ማለት ነው። የተመሠረተውም በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ በ1927 ዓ.ም.፥ ኢጣልያ አገራችንን ከመውረሯ ጥቂት ወራት በፊት ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ መጠጥ ትቶ ወራት ቈይቶ ሳለ፥ ለንግድ ወደ አክሮን ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ፥ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱን ድምፅ እየሰማ፥ በሌላው ወገን የአብያተ ክርስቲያናት ስምና ስልክ የተጻፈበትን ሰሌዳ አየ። ሊወድቅ መሆኑን ስላወቀ ደወለ። የጠየቀውም ሐኪም ወይም ሰባኪ አልነበረም፤ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ ነበር። ሰዎቹም በመጨረሻ ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኙት። ዶክተሩ ለ15 ደቂቃ ብቻ ብሎ ቢቀመጥም ለሰዓታት ተነጋገሩ። ያ ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን፥ ሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይቈጠራል። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝሁት፥ የመጀመሪያው ስብሰባ ራሱ ተፈልጎ የተገኘ መሆኑን ነው።

ዛሬ ማኅበሩ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ ለመተው መፈለግ ብቻ ነው፤ መዋጮ በግድ የለም፤ ከውጭም ገንዘብ አይቀበሉም። ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንዱ ይመራል፤ አንዱ የራሱን ታሪክ ይናገራል፤ ሌሎቹ ሳያቋርጡና ሳይመክሩ ይሰማሉ። ቡና ወይም ሻይ ይጠጣል። ክፍት ስብሰባ ማንም የሚገባበት ሲሆን፥ ዝግ የሚባለው ለጠጪዎች ብቻ ነው። አዲስ የመጣው ሰው ቀደም ብሎ የተወ አንድ ደጋፊ ይይዛል፤ ሌሊትም ቢሆን ይደውልለታል። በ2012 ዓ.ም. በ27 ጥናቶችና በ10,565 ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ታትሞ ነበር። በዚያም ወደዚህ ማኅበር በሚመራ ሕክምና ካለፉት ውስጥ ከዓመት በኋላ 42 በመቶው ፈጽመው ሳይጠጡ ሲገኙ፥ በሌላ ዓይነት የንግግር ሕክምና ካለፉት ግን 35 በመቶው ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ግን ከመቶ ሰባት ሰው በአንድ ቀበሌ ብዙ ቤት ነው።

በአዲስ አበባ የዚህ ማኅበር ስብሰባ ሲደረግ ቈይቷል፤ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም እዚያው ነው። ለእኛ ቅርቡ ጎንደር ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከደባርቅ እስከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ከደባርቅ ራቅ ብሎ ወደ ተራራው የሚኖር ገበሬ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ስብሰባ ይህን ሁሉ መንገድ እንዴት ይመላለስ? ከወረርሽኙ ዘመን ወዲህ በስልክና በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎች በዝተዋል፤ ነገር ግን ቋንቋውም ኔትወርኩም ለአጎቴ አይሆንም። እኔም በደባርቅና በዳባት ስጠይቅ በዚህ ስም የሚሰበሰብ ሰው አላገኘሁም።

ተስፋ ልቈርጥ ስል ከማኅበሩ ደንብ አንዱ አነቃኝ። ከሌላ ድርጅት ጋር ሳይቈራኙ ላለመጠጣት ብለው የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ጠጪዎች ራሳቸውን ማኅበር ሊሉ ይችላሉ ይላል። እንግዲህ የምንፈልገው አዳራሽ ሳይሆን አንድ የተወ ሰው ነው ማለት ነው። የተወ ሰው የሌለበት ቀበሌ ደግሞ ያለ አይመስለኝም። ይህን ሰው የሚያውቁት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ የጤና ጣቢያው ነርስ፥ የንስሐ አባት፥ የእድሩ ዳኛ። በአካባቢያችን ያሉ እስላም ወንድሞቻችንም መጠጥ ሳይነኩ ማኅበር መምራትን ከማንም ይልቅ ያውቁበታል። ነገር ግን አጠያየቁ ጥንቃቄ ይሻል። «ማን ማን ነበር የሚጠጣው?» ብሎ መጠየቅ ስም ማጥፋት ነው። ነርስዋም ስም መስጠት አይገባትም። እኛ ያደረግነው ይህ ነበር፤ «ሊያነጋግረው የሚፈልግ ሰው አለና ፈቃዱ ቢሆን ይምጣ» ብለን በቄሱ በኩል መልእክት ላክን። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጡረታ የወጡ ሰው መጡ። ከጠጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አጎቴም ያውቋቸው ነበር፥ ግን መጠጥ እንደ ተዉ እንጂ እንዴት እንደ ተዉ ጠይቀዋቸው አያውቁም።

ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ብዙ ተከራከርን። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ቀድሞውኑ ሰው በየወሩ የሚሰበሰብባቸው ስለ ሆኑ፥ ለዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ይልቅ የተዘጋጁ ይመስሉ ነበር፤ ነገር ግን ጠላ ይቀርባል። አንዳንድ ሰዎች በጠላው ፈንታ ብርዝ ወይም በሶ ይቅረብ ይላሉ። እኔ እደግፋለሁ፤ የማኅበሩ ሽማግሎች ግን ገና አልተስማሙም። በመጨረሻ የተመረጠው የገበያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ምክንያቱም አጎቴ ገብስ ሸጠው፥ ገንዘብ በኪሳቸው ይዘው፥ በአረቄ ቤቶች መካከል ወደ ቤት የሚመለሱት በዚያ ሰዓት ነው። ስብሰባው በዚያ መንገድ ላይ፥ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጓሮ ሆነ። ጀበና ይጣዳል። ውጭ ያለ ሰው ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ይመስለዋል።

ስለ ቤተ ሰብም ጥቂት ልናገር። በ1943 ዓ.ም. የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ለጠጪዎች ዘመዶች አል አኖን የሚባል ማኅበር ከሌሎች ጋር መሠረተች፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ለወጣት ልጆቻቸው አላቲን ተጀመረ። ዋናው ትምህርታቸው ዘመድ የጠጪው መጠጥ ምክንያትም ጠባቂም እንዳልሆነ ነው። ይህን ሳነብ ስለ አጎቴ ሚስት አሰብሁ። እርሳቸው አረቄ አውጥተው ይሸጣሉ። መጠጥ የሚሸጡትን ሴቶች መንቀፍ ለብዙዎች ቀላል ነው፤ ነገር ግን የእኔም ደብተር የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። አጎቴ ሲያቆሙ እርሳቸው ጥንስሱን ወደ እኅታቸው ቤት አዛወሩ። ሌላ ገቢ እስኪገኝ ድረስ አሁንም እዚያ ያወጣሉ። አንድ ቀን «እኔ ለሌላ ሰው ባል እየሸጥሁ የእኔ ባል እንዲድን እለምናለሁ» አሉኝ። ምን እንደምመልስላቸው አላወቅሁም፤ እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፥ በጥምቀት ሰሞን፥ ወድቀው ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ዕለት አልሄድም ብለው ቢያፍሩም ጡረተኛው ቤታቸው ድረስ መጥተው ወሰዷቸው። አሁን በልብስ ሰፊው ጓሮ አራት ሰዎች ይቀመጣሉ። አራተኛው ማን እንደ ሆነ አጎቴን ብጠይቃቸው «የስብሰባው ነገር ከጓሮው አይወጣም» ብለው ከለከሉኝ።