ምዕራፍ 4፦ ከኮምፒውተሩ በፊት ደብተሩ

«ላፕቶፕ ስለሌለኝ ፕሮግራሚንግ መማር አልቻልኩም።» ይህ አቤቱታ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል፤ እውነትነትም አለው። ቤቱ ኮምፒውተር ያለውና የሌለው ተማሪ እኩል ዕድል የላቸውም። ቢሆንም የኮምፒውተር ሳይንስ ዋናው ሥራ አንድን ጥያቄ ማንም ሊከተለው ወደሚችል ግልጽ ቅደም ተከተል መለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በተሻለ የሚለመደው በደብተርና በእርሳስ ነው። ላፕቶፕ ላለው ተማሪም ምክሬ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1843 እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ፣ ቻርልስ ባቤጅ ላቀደው «አናሊቲካል ኤንጅን» የበርኑሊ ቁጥሮችን የሚያሰላ ቅደም ተከተል አሳተመች። ማሽኑ ገና በወረቀት ላይ ነበር፤ በባቤጅ ዕድሜም ተሠርቶ አላለቀም። አዳ ለአንባቢ ያቀረበችው አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ነበር። በየመስመሩ የሚሠራው ስሌት፣ ስሌቱ የሚነካቸው ቁጥሮችና ውጤቱ የሚቀመጥበት ቦታ ተጽፏል። ብዙዎች የመጀመሪያው የታተመ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሉት ይህንን ሠንጠረዥ ነው። ዛሬም ፕሮግራም የሚማር ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ልማድ ይኸው ነው፤ እኔ «የክትትል ሠንጠረዥ» እለዋለሁ።

ከራሳችን አገር ዕውቀት አንድ ጥያቄ ወስደን እንሥራበት። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ምን ዕለት ዋለ? የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት መልሱን የሚያገኙት እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ያካፍሉና ቀሪውን ትተው ድርሻውን ይይዛሉ፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱን ደምረው ለ7 ያካፍላሉ። አሁን የሚፈለገው ቀሪው ነው፦ 1 ከቀረ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ።

ደብተራችሁ ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ዓመተ ምሕረት፣ ዓመተ ዓለም፣ መጠነ ራብዒት፣ ድምር፣ ቀሪ። በመጀመሪያው መስመር 2018፣ 7518፣ 1879፣ 9397፣ 3 ይገባሉ። ሐሙስ ነው። እነዚህ አምስት ዓምዶች በፕሮግራሙ ውስጥ ተለዋዋጮች የምንላቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቱ ግብዓት፣ ዕለቱ ውጤት፣ «1 ከቀረ ማክሰኞ» የሚለው ደግሞ ቅድመ ሁኔታ ነው። ተማሪው አንድም የፕሮግራም ቋንቋ ሳይነካ አልጎሪዝም ሠርቷል።

ይህን ወደ ፓይተን ስትገለብጡት አንድ ወጥመድ ይጠብቃችኋል። በፓይተን አንድ / ምልክት ከነክፍልፋዩ ያካፍላል፤ 7518 ለ4 ሲካፈል 1879.5 ይሰጣችኋል። ድርሻውን ብቻ የሚይዘው // ነው፤ ቀሪውን የሚሰጠው ደግሞ %። በ/ ከሠራችሁ የመጨረሻው ቀሪ 3.5 ይሆናል፤ 3.5 የሚባል ዕለት ደግሞ የለም። ፕሮግራማችሁን የሞከራችሁት በ2016 ብቻ ከሆነ ግን ስሕተቱን አታዩትም። 7516 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል መልሱ በትክክል ማክሰኞ ይወጣል፤ እናንተም ጨረስን ብላችሁ ትነሣላችሁ። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ አራት ተከታታይ ዓመታትን፣ በተጨማሪም ቀሪው ዜሮ የሚሆንበትን አንድ ዓመት አስቀድማችሁ በእጅ ሥሩ። 2010 ጥሩ ነው፤ 9387 ለ7 እኩል ስለሚካፈል መስከረም 1 ሰኞ ውሏል። የትኛውን ቁጥር ቢያስገቡ ፕሮግራሙ እንደሚሰናከል አስቀድሞ መገመት ከጠቅላላው ትምህርት ትልቁ ችሎታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በፈተና ማርክ ግን እምብዛም አይለካም።

ወደ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ስትገቡ ይህ ገጽ በእጃችሁ ይሁን። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ አንዱን ኮምፒውተር ሦስት አራት ተማሪ ሊጋራው ይችላል፤ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ኮድ ከማስኬዳችሁ በፊት የምትጠብቁትን መልስ ጻፉ። የጻፋችሁትና ስክሪኑ ላይ የወጣው ካልተገናኙ፣ የዕለቱ ትምህርት ያለው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ኪቦርዱን አንዱ ሲይዝ ሌሎቹ ሠንጠረዡን በየመስመሩ ይከተሉ፤ ቆሞ የሚያይ አይኑር። የስሕተት መልእክት ሲመጣ አትደንግጡ፤ በፓይተን የስሕተቱ ዓይነት የሚገለጸው በመልእክቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ስለሆነ ንባባችሁን ከዚያ ጀምሩ።

መምህራንም ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጋናዊው መምህር ሪቻርድ አፒያ አኮቶ፣ ኮምፒውተር በሌለው ትምህርት ቤት የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሎ ሲያስተምር የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን አዳርሷል። ትጋቱን ከልብ አከብራለሁ። ተማሪዎቹ የሚፈተኑት በዚያ ስለነበር ሌላ ምርጫም አልነበረውም። ነገር ግን የወርድ ሜኑ ስክሪኑ ከሌለ ሕይወት የለውም፤ በየጊዜውም ይለዋወጣል። በዚያው ሰሌዳና በዚያው ጠመኔ የባሕረ ሐሳቡን ሠንጠረዥ መሥራት ግን ምንም አያጎድልበትም። እንግሊዝ ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይሲቲ የተባለውን የትምህርት ዓይነት አስቀርታ ኮምፒውቲንግን የተካችው፣ ተማሪዎች ሶፍትዌር መጠቀምን ብቻ ተምረው ይወጣሉ የሚል ወቀሳ ከበረታ በኋላ ነው። እስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለሁለተኛ ደረጃ ባዘጋጀችው የኮምፒውተር ሳይንስ ሥርዓተ ትምህርት ጽንሰ ሐሳብና የኮምፒውተር ልምምድ እንደ ዚፕ ጥርሶች ተራ በተራ እንዲገጣጠሙ አድርጋለች። የደብተርና የኮምፒውተር ክፍሉን ግንኙነት እኔም የማየው በዚሁ ዓይን ነው።

ኢንተርኔት ለምታገኙ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርሶችን በነፃ ይሰጣል። ተመዝገቡ። ቪዲዮውን ግን በየደቂቃው እያቆማችሁ፣ መምህሩ ቀጥሎ የሚጽፈውን መስመር ቀድማችሁ እየጻፋችሁ ተከታተሉት። ዝም ብሎ የታየ ቪዲዮ የገባን ይመስለናል፤ በማግሥቱ ባዶ ገጽ ፊት ስንቀመጥ እጃችን አይንቀሳቀስም። ለሰርተፊኬቱ የሚደረገውን ጥድፊያ አልወደውም፤ ቀጣሪም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ውሎ አድሮ የሚጠይቃችሁ መሥራት ትችሉ እንደሆነ ነው።

አሁን ፕሮግራሙን አስፉት። የአዲስ ዓመትን ዕለት ብቻ ሳይሆን የማንኛውንም ቀን ዕለት ይንገረን። የእኛ ዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ ያግዘናል፦ ከጳጉሜን በስተቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው፤ 30 ለ7 ሲካፈል ደግሞ 2 ይቀራል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወር መባቻ ካለፈው ወር መባቻ በሁለት ዕለት ይገፋል። የካቲት 23 ቀን 2018ን ውሰዱ። የመስከረም 1 ቀሪ 3 ነው። ከመስከረም እስከ የካቲት አምስት ወር አለ፤ በሁለት ሲባዛ 10። ከየካቲት 1 እስከ 23 ደግሞ 22 ቀን። ድምሩ 35፣ ለ7 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ፤ ሰኞ። ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሩ፣ የልደት ቀናችሁን በእጅ አውጡ፣ ከዚያ ኮዱን ጻፉ።