ጠጁን ከመግዛትሽ በፊት

ቆይ፣ ጋኑን አታነቃንቂው። አምቡላው ከተነሣ የምትቀምሺው ዝቃጩን ነው። ከላይ ከላይ ቀስ ብለሽ ቅጂ፤ ብርሌውን ተዪውና አፉ ሰፋ ያለ ብርጭቆ አምጪ። የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፣ ለማሽተት አይመችም።

አሁን አትጠጪ፣ በመዳፍሽ አቅፈሽ ያዢው። የመካነ ሰላም ጠዋት ብርዱን ታውቂዋለሽ፤ የቀዘቀዘ ጠጅ ሽታውንም ጥፋቱንም ይደብቃል። ሞቅ ሲል አሽትቺው። ከዚያ ጎንጨት አድርጊና ከመዋጥሽ በፊት አፍሽ ውስጥ አቆዪው።

ብዙ ሰው «ጣፈጠኝ» ብሎ ይገዛል፤ አንቺ እንዳታደርጊው። በደንብ የደረሰ ጠጅ ማሩን የምታገኚው በአፍንጫሽ ነው፣ ምላስሽ ላይ ግን ደረቅ ይላል፤ ጣፋጩን ፍላቱ ወደ አልኮል ቀይሮታልና። ማር ማር እየሸተተ የሚጣፍጥ ከሆነ ገና ነው፣ ታገሺው። ጣፍጦሽ የማር ሽታ ካጣሽበት ግን ስኳር ጠርጥሪና ዋጋውን ሳትጠይቂ ውጪ።

የጌሾው ምሬት ከዋጥሽ በኋላ መጥቶ ይሂድ። ጉሮሮሽ ላይ ከተቀመጠ ጌሾው በዝቶበታል፣ ወይም በጊዜው አልወጣም። ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት አያስፈራሽ። አፍንጫ የሚወጋው ግን ወደ ሆምጣጤ እየሄደ ነው፤ ማር ቢጨመርበትም አይመለስም።

ደግሞ መጠጥ ሲቆይ ይጣፍጣል ያሉሽን በጠጅ አትሥሪበት። ፖርቱጋሎች በዱሮ ሸለቆ የሚጠምቁት ምርጡ ፖርት ወይን ከ2 እስከ 3 ዓመት በበርሜል ቆይቶ በጠርሙስ አሥርት ዓመታት የሚከርመው፣ ፍላቱ ሳያልቅ ከወይን የወጣ ኃይለኛ አልኮል ስለሚጨመርበት ነው። እሱም ዝቃጭ አለው፤ ጠርሙሱን አቁመው ካጠለሉት በኋላ በዝግታ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል። ጥንቃቄያቸውን ውሰጂ፣ ዕድሜውን ተዪ። ታኅሣሥ የተጣለ ጠጅ በደጋ ብርድ ቀስ ብሎ ቢፈላም ለጥር ሠርግሽ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ እንዲቆይ አትጠብቂው።

ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚቀርበውን ብርዝ ደግሞ ለማንም አትተዪው። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ራስሽ በጥብጪው፤ ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራል። ጠጅም ጌሾም ነክቶት በማያውቅ ዕቃ ይሁን፤ እነሱ የሚጠጡት አንቺን አምነው ነው።