ሊዱን ለቆ ቤዙን ያዘ

መቼ ነው የምትጀምረው? ደመወዝ ሲጨመርልህ? አዲስ ላፕቶፕ ስትገዛ? እንቁጣጣሽ ሲደርስ?

ተው ወዳጄ! በእጅህ ባለው ነገር ጀምር!

እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ዶን ዊልሰን የሚባል ወጣት ያገለገሉ መኪኖች ይሸጥ ነበር። ቦብ ቦግል መኪና ሊገዛ መጣ። ወሬ ያዙ። ሁለቱም ጊታር ይወዳሉ፤ እዚህ ግባ የሚባል ችሎታ ግን የላቸውም። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱም ቀን በግንባታ ሥራ ይለፉ ጀመር። ጊታሩስ ከየት መጣ? ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ከሚያበድር ሱቅ፣ ያገለገለና ርካሽ! አንተ ግን «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» እያልክ ዩቲዩብ ላይ ሦስት ወር ጨረስክ።

ዘ ቬንቸርስ የሚባለው ባንድ እንዲህ ተወለደ። ድምፃዊ የለው፣ ግጥም የለው። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ።

ዶልተን የተባለው ሸክላ አሳታሚ «አንፈልግም» አላቸው። አኩርፈው ተቀመጡ? በፍጹም! የዶን እናት ወይዘሮ ጆሲ ብሉ ሆራይዘን የሚባል የራሳቸውን አሳታሚ አቋቋሙ። (ልጃችሁ ጊታር ሲያነሳ «ሥራ ፈት!» የምትሉ እናቶች፣ ይህችን መስመር ድገሟት።) በ1960 «ዎክ ዶንት ራን»ን አወጡ። ዜማው የጃዝ ጊታሪስቱ የጆኒ ስሚዝ ነው፤ ቦብ የሰማው ግን ሌላው ጊታሪስት ቼት አትኪንስ ሲጫወተው ነበር። እንደ ቼት መጫወት አቃታቸው። ስለዚህ አቅልለው፣ በራሳቸው መንገድ ተጫወቱት። በአሜሪካው የቢልቦርድ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ 2ኛ ወጣ! አልፈልግም ያለው ዶልተንም ራሱ መጥቶ አከፋፈለው።

አሁን ልብ በል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

በዚያ ሸክላ ላይ ሊድ ጊታሩን፣ ማለትም ዋናውን ዜማ፣ የሚጫወተው ቦብ ነው። የባንዱን ስም ያስጠራው እሱ ነው። ቤዝ የያዘው ደግሞ ኖኪ ኤድዋርድስ። ኖኪ ግን በሊድ ጊታር ይበልጠዋል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ኖኪን ታሳድደው ነበር? ሐሜት ትጀምር ነበር? ቦብ ሊዱን ለኖኪ ለቀቀና ቤዝ ያዘ። ገና እየገነነ ያለ ሰው ከፊት ወደ ኋላ ተመለሰ! ባንዱ ከዚያ በኋላ ይበልጥ አደገ።

በ1962 ዶንና ቦብ ሁለቱ ብቻ ጃፓን ሄዱ። በ1965 ሙሉው ባንድ ሲሄድ ወጣቱ በኤሌክትሪክ ጊታር አበደ። ግጥም ስለሌለው አስተርጓሚ አላስፈለገም! ድክመት የምትለው ነገር አንድ ቀን ቪዛ ሊሆንህ ይችላል።

ድራመሩ ሜል ቴይለር በ1996 ሲሞት ልጁ ሊዮን ድራሙ ላይ ተቀመጠ። በ2008 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገቡ።

ዶን ዊልሰንስ? ሪትም ጊታሩን ይዞ እስከ 2015 ከባንዱ ጋር ዞረ። 57 ዓመት!

አንተ ያንን ነገር ስንት ሳምንት ሞከርከው?