ከዮሬ በፊት ጎማችንን እንመርምር

በሽኩና ቤት ክረምት የሚገባው በበረዶ ሳይሆን በዝናብ ነው። ቤርሼባ በዓመት የምታገኘው 200 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግን አደገኛው ይኸው ጥቂቱ ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት፣ ዮሬ ሲወርድበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ከስግድ ጋር ይገጥማል፤ አያቶቻችንን ይዘን ወደ ኢየሩሳሌም የምንወጣበት ወቅት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በምን ይለያል?

አንደኛ፣ ሞተሩ ፔዳሉ እንደተነካ ጉልበቱን ወዲያው ለጎማ ይሰጣል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ጎማው ባለበት ሊሽከረከር ይችላል። ኮምፒዩተሩ ቶሎ ያርመዋል፤ ነገር ግን ያለቀ ጎማ መሬት እንዲይዝ ማድረግ አይችልም።

ሁለተኛ፣ በባትሪው ምክንያት መኪናው ከባድ ነው። ስለዚህ ጎማው ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ እግራችንን ከፔዳሉ ስናነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። እርጥብ ኩርባ ላይ በድንገት ማንሳት ፍሬን እንደ መርገጥ ነው፤ ቀስ ብለን እናንሳ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ስንወርድ ደግሞ በብዙ መኪኖች ይህ መያዝ ይቀንሳል። ፍሬን ለመርገጥ እንዘጋጅ።

የትኛውን ጎማ እንግዛ?

የበረዶ ጎማ የተሠራው ከ7 ዲግሪ በታች ለሆነ ብርድ ነው። በቤርሼባ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፤ ለእኛ ጥሩ የበጋ ወይም የአራቱም ወቅት ጎማ ይበቃል። ስንገዛ እነዚህን እንይ፦

1. የጭነት ቁጥር፦ የመኪናው መጽሐፍ ከሚያዘው አይነስ።
2. የእርጥብ መንገድ ደረጃ፦ በአውሮፓ መለያ ላይ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ተጽፏል፤ «ኤ» የተሻለው ነው።
3. ጥርስ፦ የአውሮፓ ሕግ ዝቅተኛው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ውኃ የማስወጣት አቅሙ ግን ቀደም ብሎ ስለሚደክም 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንቀይር።
4. የተሠራበት ጊዜ፦ ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን የአንዱ አባት ከአንድ ፓንቸሪያ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ሊገዙ ነበር። «ጥርሱ ደህና ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ቁጥሩ ግን 2214 ይላል፤ በ2014፣ በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጥርስ ቢኖረውም እርጥብ መንገድ አይዝም። ልጃቸው «አባዬ ተሳስተሃል» አላለም፤ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ አነበበላቸው። ጎማው ሳይገዛ ቀረ።

ጎማ ግን ብቻውን አያድንም። ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ስንፈጥን፣ ፍሬን ከያዝን በኋላ የምንሄደው ርቀት በግማሽ ያህል ይረዝማል። ደረቅ የነበረ ናሐል ሞልቶ መንገዱን ካቋረጠ ደግሞ እንመለስ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል።

ይህ ትምህርት ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችንም ይሆናል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እኛ ግን ዛሬውኑ ከቤታችን እንጀምር፤ ወርደን የወላጆቻችንን መኪና አራቱንም ጎማ እናንብብ።